የአልቅት እረኛው

ሰውየውን መጀመሪያ ያየሁት አልቅት ሲያጠባ ነው። ከጠበሉ በታች፣ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ባቱ ላይ አንድ ጥቁር አልቅት ተጣብቆ ይጠባል። አልቅቱ እያበጠ በሄደ ቁጥር የሰውየው ፊት ይፈካል፤ ልጇ ጡት አልይዝ ብሏት ሰንብቶ ድንገት የያዘላት እናት ይመስል ነበር። «ይጠጡ ጌታዬ፣ ይጠጡ» ይላል ቀስ ብሎ። አልቅትን «እርስዎ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅምና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ልጄን አቅፌያት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ቀርቷል። ዓይኗን በእጄ ሸፍኜ ዳገቱን ወጣሁ።

እኔ ሮብ ገበያ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ቤተሰብ ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ሽፋኑ የተገነጠለ የጤና መጽሐፍም ነበረኝ። የሰፈር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ልጄ ስትጉመጠመጥ ደም ተፋች። በማግስቱም ተፋች። መጽሐፌን ገለጥኩ። ሳል፣ ደም፣ ክሳት፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብዬ ወሰንኩ። ጤና ጣቢያ አክታዋ ተመረመረ፤ ነቀርሳ የለም ተባለ። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ራጅ አስነሣኋት፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተባለ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር። የዓይኗን ሽፋን ገልጦ አየና፣ «ደሟ በጣም ወርዷል። ይህን ክኒን ይስጧት፤ በሳምንት ውስጥ ግን መልሰው ያምጡልኝ፣ ጉሮሮዋን የሚያይ ሐኪም ይመጣል» አለኝ።

አልመለስኩም። የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። በሁለት ምርመራ ካላገኙት አያውቁትም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሚስቴ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ «በሳምንት ትምጣ ብሏል እኮ ሐኪሙ» አለችኝ።

«ሐኪም ካላወቀ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። አንተ ምን አውቀህ ነው?»

ስንቅ አሲዤ ልጄን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ጠበል ወሰድኳት። ስሙን አልጽፍም፤ ብዙ ሰው የዳነበት ቦታ ነው፤ በእኔ ግትርነት የተነሣ ስሙ እንዲነሣ አልፈልግም።

ያረፍንበት ደሳሳ ጎጆ ውስጥ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ነበሩ። ወገባቸውን አሟቸው የመጡ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነበር። ኩሬው ዳር ስላየሁት ሰው ስጠይቃቸው ሳቁ።

«የአልቅት እረኛውን አገኘኸው? አይዞህ፣ አይናከስም። የሚናከሱትን ነው የሚጠብቀው።»

ታሪኩን ነገሩኝ። የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ከመምህሩ አፍ የወጣውን በአንድ ጊዜ የሚይዝ። ሰዎች ቶሎ ለማወቅ ብሎ አብሾ ጠጣ ይላሉ። አብሾ እዚህ አገር አእምሮ ይከፍታል እየተባለ ተማሪ በድብቅ የሚጠጣው ቅጠል ነው፤ መጠኑ ከበዛ አእምሮን ያዞራል። እውነት ጠጥቶ ይሁን አይሁን ማንም በዓይኑ ያየ የለም። ቤተሰቦቹ አምጥተው ወይራ ሥር በሰንሰለት አስረውት ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ ማንንም እንደማይነካ ሲታይ ተፈታ፤ ወደ ኩሬው ወረደ፤ እዚያው ቀረ።

ሥራውም ነበረው። በጋው ሲከርርና ወንዙ ሲደርቅ ከብቶች ከቀረችው ኩሬ ሲጠጡ፣ እንደ ክር የቀጠነ አልቅት ከውሃው ጋር አፋቸው ውስጥ ይገባል። ምላስ ሥር ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም እየጠጣ ያድጋል። ገበሬዎቹ እንዲህ ያለ ከብት ሲገጥማቸው ወደ እሱ ይነዱታል። እሱም ያወጣላቸዋል። ዋጋው አልቅቱ ራሱ ነው። አይገድለውም፤ ውሃ ባለበት ቅል ውስጥ ከትቶ በገዛ ባቱ ይቀልበዋል። ትንንሾቹን «መኳንንቱ» ይላቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ዋናው ጌታ ገና አልመጣም፣ አንድ ቀን ይመጣል፣ ያኔ እኔም ዕረፍት አገኛለሁ ይላል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ትምህርት ብቻ ነበር። ልጄን ጎኔ አስቀምጬ፣ «አየሽ፣ ዕውቀትን በአቋራጭ የፈለገ ሰው መጨረሻው ይህ ነው። እኔ በሃያ ዓመት የተማርኩትን እሱ በአንድ ሌሊት ፈለገ» አልኳት።

ልጄ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ጠበሉ ስንሄድ በኩሬው ስናልፍ «እንዴት አደሩ?» ትለዋለች። እኔ ልጆቼን ሽማግሌ ሲያልፍ ሰላም በሉ ብዬ ነው ያሳደግኋቸው፤ እብድን ዝለሉ አላልኩም፤ ስላልመጣልኝ ነው እንጂ እል ነበር። ሰውየው የመጀመሪያ ቀን ዞሮ ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ። በሁለተኛው ቀን «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በሦስተኛው ቀን ስንመጣ ተነሥቶ ቆሞ ጠበቀን።

በአራተኛው ቀን ልጄ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ አዛጋች። እሱ ከፊቷ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ አፏን አየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ተንበረከከ፤ ግንባሩን መሬት አስነካ።

«ደረሱ ጌታዬ! ስጠብቅዎ ኖርኩ!»

በያዝኩት ዱላ ትከሻው ላይ መታሁት። አልሸሸም፤ ሁለተኛውንም ተቀበለ። መነኩሴዋ ወገባቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«አንተ ሰውዬ! ጠበል ቦታ ዱላ? ለመዳን ነው የመጣኸው ወይስ ለመግደል?» ወደ እሱም ዞረው፣ «አንተስ፣ መኳንንትህ አነሱህና ለሰው ልጅ ትሰግድ ጀመርክ?» አሉት።

ማታውን ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚሁ ነበር። እብዱ ሰገደላት፤ እንግዲያው ልጅቷ ላይ ያለው ቀላል መንፈስ አይደለም ተባለ። እኔም አመንኩ። ከማግስቱ ጀምሮ የምትጠጣውን ጠበል በእጥፍ አስጨመርኩ። በባዶ ሆዷ ስትጠጣ ታስታውካለች፤ የምታስታውከው ጥቁር ደም ነው። እኛም ደስ አለን። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ልጄ ደም ባስታወከች ቁጥር እልል ተብሏል። «እየተቃጠለ ነው፣ ሊወጣ ነው» ይላሉ። ከሁሉም አብልጦ የሚለው እኔ ነበርኩ።

እልል ያላሉት አጥማቂው አባ ብቻ ናቸው። ወደ ጎን ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ደም ሁሉ ምልክት አይደለም። ሐኪም ዘንድ መልሳት፤ ጠበሉ የትም አይሄድም» አሉኝ።

«አባ፣ እምነቴ እየተፈተነ ነው። አሁን አላቋርጥም።»

«የሚፈተነው እምነትህ ነው ወይስ ግትርነትህ?» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጎጆው ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አገኘሁ። ፊቱን ታጥቧል፤ ጋቢውን አጣፍቷል፤ እጁን አጣምሯል። የአልቅት እረኛው መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አነጋገሩም የእብድ አልነበረም፤ መምህሩ ፊት የቆመ ደቀ መዝሙር አነጋገር ነበር።

«ጌታው፣ እንዴት አደሩ። አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቻለሁ። ልጅቷን ዛሬ ምንም ውሃ አያጠጧት። ጨው ያለበት የገብስ ቆሎ ይስጧት። ነገ ቀትር ላይ አፏ ሲደርቅ እኔ ዘንድ ያምጧት።»

«ለምን?»

«ጌታዬ ጉሮሮዋ ውስጥ ነው። ሲዝናና አይቸዋለሁ። ሊጨርሳት ነው።»

«ጌታህን ስትጠብቅ የኖርክ አይደለህም እንዴ? ሰግደህለት የለም?»

«ጠብቄያለሁ» አለ። «አምስት በጋ ጠብቄያለሁ። ግን ልጅቷ እንዴት አደሩ ብላኛለች። እንዴት እንዳደርኩ የጠየቀኝ የለም ነበር፤ እሷ ናት የጠየቀችኝ። ስለዚህ ሌላ ማደሪያ ይፈልግ። እባክዎን ጌታው፣ አሁን አእምሮዬ ልክ ነው፤ ሳይሄድብኝ ይስሙኝ።»

እኔ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስቀመጥ የሰው ልመና እውነት መሆኑን ከድምፁ እለያለሁ እያልኩ የምኮራ ሰው ነኝ። ያን ድምፅም ለይቸዋለሁ። እውነት ነበር። ግን በእብድ ቃል ከልጄ አፍ ጠበል ልከልክል? «ሂድ ከዚህ» አልኩት። እግሬን ያዘ። ጮኸ። አእምሮው ሲሄድ በዓይኔ አየሁት፤ ንግግሩ ተሰባበረ፤ አረፋ ደፈቀ። ሰዎች ጠርቼ፣ ልጄን ሊነካ ነው ብዬ ከሰስኩት። እንደ ድሮው ወይራው ሥር በሰንሰለት አሰሩት። እዚያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ «ውሃ አታጠጧት!» እያለ ጮኸ፤ ሰውም ይህን ሲሰማ በውስጧ ያለው መንፈስ በእሱ አፍ ነው የሚናገረው፣ ጠበሉን ስለፈራ ነው አለ። እኔም ሁለት ጣሳ ጨመርኩላት።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ገበሬ በሬ እየነዳ መጣ። ኩሬው ዳር ሰው አጥቶ ወደ እኛ ወጣ።

«የአልቅት እረኛው የት ሄደ?»

«ታስሯል» አሉት መነኩሴዋ። «እኚህ የተማሩ ሰው አሳስረውታል።»

«ምነው? በሬዬ ሊሞትብኝ ነው እኮ! ይኸው አፉን ይዩልኝ።»

የበሬው አፍ በደም ተለውሷል። ከምራቁ ጋር ጥቁር ክር የመሰለ ደም መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስጠርገው የከረምኩት ደም ነበር። ያው ጥቁረት፣ ያው ክር።

«ይህ … ይህ ሰውም ላይ ይወጣል?» አልኩት ገበሬውን።

«እንዴታ! የሚጠጣ ሁሉ ላይ ይወጣል። አጎቴን አንድ በጋ ሙሉ ጠጥቶታል።» ልብሴንና ኪሴ ላይ የተሰካውን እስኪርቢቶ አየና፣ «ይህን አያውቁም እንዴ?» አለኝ።

ሽፋኑ የተገነጠለው መጽሐፌ ይህን አልነገረኝም። በሬ ነጅው ያውቃል፤ እብዱ ያውቃል፤ እኔ አላወቅሁም። ወደ አጥማቂው አባ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ፍታው» አሉኝ። «በገዛ እጅህ ፍታው። ልጅቷም ዛሬ ትጠመቅ እንጂ አትጠጣ። ጠበሉን የሰጠ አምላክ ያንንም ሰው ሰጥቷል።»

ሰንሰለቱን ፈታሁ። ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል። አልወቀሰኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ትናንት ስንት ጣሳ ጠጣች?» ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲያ ውሃ ጠግቧል፤ ዛሬ አይወጣም። እስከ ነገ ቀትር መጠበቅ አለብን።» ከዚያ ወርዶ የገበሬውን በሬ አየለት።

ያንን ቀን አልረሳውም። ልጄ ጨው ያለበት ቆሎ ቆረጠመችና ውሃ ጠየቀችኝ። ከለከልኳት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «አባባ፣ ምን አድርጌዎ ነው?» አለችኝ። ልጆቼን ብዙ ነገር ከልክያለሁ፤ ስከለክል ያመመኝ ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ኩሬው ዳር አስቀመጥናት። ሰው ሁሉ ወርዶ ከበበ። እሱ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ በነጭ ሳህን ቀድቶ አመጣ፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞራት፤ አፏን አስከፈታት፤ ሳህኑን ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ያዘው። ልጄ ውሃውን ስታየው እንባዋ ፈሰሰ፤ ግን አልጠጣችም፤ እሱ «አይዞሽ እመቤቴ» ብሏታል። ጣቶቹን አመድ ውስጥ ነከረ። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ ያዜም ጀመር። ቅኔ ቤት የተማረው ዜማ መሰለኝ፤ ቃሉ አይሰማም።

መጣ። እኔ ጎኗ ተንበርክኬ ነበርና አየሁት። ከጉሮሮዋ ጥልቀት አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ብቅ አለ። ምላሷ ላይ ተዘርግቶ አፉን ወደ ውሃው ላከ። ልነጥቀው እጄን ስዘረጋ በክርኑ ገፋኝ። «ከቸኮሉ ይመለሳል። ጌቶችን አያዋክቧቸውም» አለ በሹክሹክታ። ጠበቀ። እኔ ያን ያህል ጊዜ እስትንፋሴን የያዝኩበት ቀን የለም። አልቅቱ ግማሽ ገላው ከንፈሯን አልፎ ውሃውን ሲነካ፣ በሁለት አመዳም ጣቶቹ ያዘው፤ ሳይጎትት፣ ሲለቅ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ አወጣው። የአውራ ጣቴን ያህል ወፍራም ነበር። ልጄ ደም ተፋች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ንጹሕ ምራቅ ነበር።

ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ተአምርም ብዙ አንብቤያለሁ። ያኔ ግን ወደ ሰማይ ማየት እንዳለብኝ ወይም ወደ ሰውየው እጅ አላወቅሁም።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ወስጃት ወጣቱ ሐኪም ደም አሰጣት። ስነግረው አልሳቀብኝም፤ «በሳምንቱ ቢያመጧት እኮ ጉሮሮዋ ይታይ ነበር» ነው ያለኝ። እንዴት እንደገባባትም ልጄ ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ከቀረች ኩሬ በደረቷ ተኝታ ትጠጣ ነበር። መንገዱ ላይ ስንት ቤት እያለ ለምን አልጠየቅሽም አልኳት። «ከሰው ደጅ ውሃ አትለምኑ፣ ነውር ነው ብለዋላ» አለችኝ። ብያለሁ። ገርፌም አስተምሬያለሁ። ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ልጆቿ ከማንም ደጅ ውሃ ይለምናሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ግን መጻፍ የፈለግሁት ከሁሉ ይበልጥ ስለዚያ ቀትር ነው። አልቅቱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ አየው። ቅሉ አጠገቡ ነበር፤ ሊከተው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልከተተውም። ድንጋይ ላይ አኖረው።

«ጌታው፣ እርስዎ ይግደሉት» አለኝ። «ወደ ውሃው ከመለስኩት ሌላ ልጅ ያገኛል። እኔ ግን አልችልም።»

በተረከዜ ጨፈለቅሁት። የፈሰሰው የልጄ ደም ነበር።

ያኔ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና አለቀሰ። እንደ እብድ አይደለም፤ አባቱን እንደ ቀበረ ሰው። ደረቱን እየመታ «ጌታዬ፣ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩዎ» ይላል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ሳቀ። «የአልቅት ተዝካር መቼ ነው?» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ፤ ውጥረት ካለፈ በኋላ ሰው እንደሚስቀው። ገበሬው እንኳ ሳቀ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይህ ሰው በዓለም ላይ አንድ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ከንቱ ነገር ነው፤ አስቀያሚ ነገር ነው፤ ግን የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሳልፎ የሰጠው ለመታው ሰው ልጅ ነው። እኔ ለዘጠኝ ቀን ግትርነቴን እንኳ ለገዛ ልጄ መስጠት አቅቶኝ ነበር።

ባርኔጣዬን አውልቄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አንድ የጽሕፈት ሥራ ያለው፣ በአገሩ የተከበረ ሰው ለአልቅት ለቅሶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሉ አላሰብኩም።

«እግዜር ያጥናዎ» አልኩት።

ማልቀሱን አላቆመም። ፊቱን ሳይገልጥ ግን፣ የጋቢውን አንድ ጫፍ ወደ እኔ አነጠፈልኝ። በዚያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጄም መጥታ መሐላችን ተቀመጠች።